የእትዬ ዘርፌ እግር ሐይቅ እስኪነካ

ተረት ልነግራችሁ ነው። እናንተ ወንበር ሳቡ፣ እኔ ጉሮሮዬን ልጥረግ። የዛሬው ተረት ጅብም አንበሳም የለበትም። አንዲት ፍየል ብቻ አለችበት፤ እሷም እንደምትሰሙት ለብቻዋ ትበቃለች።

አሰላ ውስጥ እትዬ ዘርፌ የሚሏት የስልሳ ስምንት ዓመት ጡረተኛ ነበረች። ዕድሜዋን የገፋችው በቴሌፎነኛነት ነው። ያኔ ስልክ እንዲህ በየኪሱ አይዞርም፤ አንዱ ከሌላው እንዲነጋገር ቴሌፎነኛ መሃል ገብታ መስመር ማገናኘት ነበረባት። እትዬ ዘርፌ "ሀሎ ዝዋይ፣ አሰላ ነኝ" ስትል፣ ከወዲያ ማዶ የዝዋይዋ ቴሌፎነኛ "ቆይኝ እህቴ፣ እግሬን ሐይቅ ነክሬ ገና መግባቴ ነው" ትላታለች። ከምሳ መልስ ሁልጊዜ እንዲሁ ነው። እትዬ ዘርፌ በአሰላ ብርድ ካልሲ በካልሲ ላይ ደርባ ይህን ስትሰማ በቅናት ታልቃለች። ጡረታ ስትወጣም አንድ ምኞት ብቻ ይዛ ወጣች፤ እግሯን ዝዋይ ሐይቅ መንከር።

ምኞቱ ሩቅ እንዳይመስላችሁ። ሐይቁ ከጓሮዋ ይታያል። ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን ቁልቁል ወደ ምዕራብ ሲያዩ እንደታጠበ ትሪ ያበራል። በመኪና ሁለት ሰዓት ቢፈጅ ነው። ግን ዛሬ ነገ ስትል ዓመቱ በዓመት ላይ ተደራረበ። ዘንድሮ በሚያዝያ ጓሮ ወጥታ ብታይ ሐይቁ የለም። ዓይኗን ጠራርጋ አየች፤ የለም። ጎረቤቷን ጫልቱን ጠርታ "ሐይቁ ዛሬ ጭጋግ ለበሰ እንዴ?" ብትላት፣ ጫልቱ "ኧረ ይኸው ያበራል" አለቻት።

ሐኪም ዘንድ ሄደች። ሐኪሙ አንዱንም ዓይኗን ሌላውንም አየና፣ "እማማ፣ የጠፋው አይመለስም። የቀረውም ቀስ እያለ መሄዱ አይቀርም" አላት። እትዬ ዘርፌ ቤቷ ገብታ አለቀሰች፤ ደህና አድርጋ ነው ያለቀሰችው። ከዚያ ፊቷን ታጠበችና "እንግዲህ ከሩቅ እምቢ ካለኝ ከቅርብ አየዋለሁ" አለች።

ጉዞ ማሰናዳት ላይ ደግሞ ማን እንደ እሷ። የሰፈሩን ጡረተኛ ሁሉ ሰብስባ፣ መኪናው በመዋጮ፣ ምግቡ ከየቤት፣ ማልዶ ሄዶ ለማታ መመለስ፣ እንዲያ ከሆነ የአልጋ ወጪ የለ፣ የሆቴል ወጪ የለ፣ አለቻቸው። ቀኑንም እሷው መረጠች። የሰኔውን ጾም የቄስ ነው ብለው ቢተዉት እንኳ ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው፤ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚል ክርክር ከተነሳ ሽማግሌ የሚባል ሁሉ ዓሣው እስኪሸት አይነሳም። ቅዳሜ ገበያ ነው። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ነው። ማክሰኞን የሚነካ ስላልተገኘ ማክሰኞ ተባለ፤ የግንቦት የመጨረሻዋ ማክሰኞ። ከዚያ ወዲያ ዝናቡ ይገባል፣ መንገዱ ይጨቀያል፣ እስከ መስከረም የሚነቃነቅ የለም። የእትዬ ዘርፌ ዓይን ደግሞ መስከረምን ይጠብቅ አይጠብቅ ማን ያውቃል?

ሰኞ ጠዋት እትዬ ዘርፌ ወደ ሹፌሩ ወደ ከድር ሄደች። ከድር ሚኒባሱን እያጠበ ነበር።

"የነገው እንዴት ነው ከድር?"

"እኔ ዝግጁ ነኝ እትዬ። ስንት ሆናችሁ?"

"አሥር።"

"መኪናዬ የሚይዘው አሥራ አንድ ነው።"

"የአንዱን ሰው ዋጋ እኛው እንካፈላለን።"

"ዋጋው አይደለም እትዬ። ባዶ ወንበር ይዤ አስፋልት አልወጣም። ሁለት ጊዜ ወጥቼ ሁለቴም ጎማ ፈንድቶብኛል። ባዶ ወንበር ገድ የለውም። አሥራ አንደኛውን አምጪልኝና ጎህ ሲቀድ እነዳለሁ።"

እሷም "መኪናው ካልሞላ ከድር አይነዳም፤ ከድር ካልነዳ እግሬ ሐይቅ አይነካም" እያለች ወደ ጋሽ ገመቹ ቤት አቀናች።

ጋሽ ገመቹ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበሩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ካርታ ላይ በዱላ እየጠቆሙ "ይህ ዝዋይ ሐይቅ ነው" ሲሉ ኖረው አንድ ቀን ሄደው አላዩትም። በር ላይ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘቻቸው።

"ጋሽ ገመቹ፣ ነገ ይሂዱልኝ። እርስዎ ካልሄዱ መኪናው አይሞላም፤ መኪናው ካልሞላ ከድር አይነዳም፤ ከድር ካልነዳ እግሬ ሐይቅ አይነካም።"

"ሐይቁ ዳር ምን ላይ ልቀመጥ ነው?" አሉ ጋሽ ገመቹ።

"ሣሩ ላይ ነዋ።"

"እኔ ሣር ላይ ከተቀመጥኩ እዚያው ነው የምበቅለው። ይህ ጉልበት ቁጭ ማለቱን እንጂ መነሳቱን ረስቶታል። ክንድ ያለው ወንበሬ ሰይፉ አናጢ ዘንድ ከገባ ሁለት ወሩ። እሱ ከመጣ እሄዳለሁ።"

ሌላ ወንበር የለም ወይ ትሉኝ ይሆናል። አለ እንጂ። ከሦስት ቤት ሦስት ወንበር አምጥታ አስቀምጣቸዋለች። አንዱ አጠረ፣ አንዱ ወጋ፣ ሦስተኛው ደግሞ ክንድ የለውም ተባለ። አስተማሪ ደግሞ አንዴ ከተናገረ ተናገረ ነው። እትዬ ዘርፌ ነጠላዋን አጥብቃ ወደ ሰይፉ ሄደች።

"ሰይፉ፣ የጋሽ ገመቹን ወንበር ሥራልኝ። ወንበሩ ካልተሠራ ጋሽ ገመቹ አይሄዱም፤ ጋሽ ገመቹ ካልሄዱ መኪናው አይሞላም፤ መኪናው ካልሞላ ከድር አይነዳም፤ ከድር ካልነዳ እግሬ ሐይቅ አይነካም።"

ሰይፉ ራሱ ከተጓዦቹ አንዱ ነው። አፍሮ መሬት መሬት አየ። "እትዬ፣ የወንበሩ አንድ እግር ብቻ ነው የቀረው። የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ግን በምን ልቁረጠው? መጋዜን ጫልቱ ወስዳለች። የዶሮ ቤት በር ልሥራ ብላ 'ለአንድ ሰዓት' አለችኝ፣ ይኸው ከፋሲካ በፊት ነው።"

"ጫልቱ? ጠዋት እኮ አብረን ነበርን፣ ትንፍሽ አላለችም።"

"ታዲያ ለምን ትተንፍስ?" አለ ሰይፉ።

ጫልቱ ቤት ጓሮ ውስጥ መጋዙ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ጫልቱም ለነገ የሚቀቀል እንቁላል ትመርጣለች።

"ጫልቱ፣ መጋዙን መልሺ። መጋዙ ካልተመለሰ ሰይፉ ወንበሩን አይሠራም፤ ወንበሩ ካልተሠራ ጋሽ ገመቹ አይሄዱም፤ ጋሽ ገመቹ ካልሄዱ መኪናው አይሞላም፤ መኪናው ካልሞላ ከድር አይነዳም፤ ከድር ካልነዳ እግሬ ሐይቅ አይነካም።"

"አልመልስም አላልኩም" አለች ጫልቱ። "ሰይፉ ግን መጋዙን አንዴ ከመለስሽለት ሌላ ጊዜ አያውስሽም፤ ታውቂው የለ? የበሩን እንጨት ልኩን ይዤ የምቆርጠው ሽቦው ሲመጣ ነው። በሩ ካልተዘጋ ደግሞ ሽለምጥማጥ ዶሮዎቼን ይጨርሳቸዋል። ሁለቱን በልቶብኛል፣ ያቺን ገብስማዋን ሳይቀር። የዶሮ ቤቱን ልዝጋና መጋዙን ራሴ ተሸክሜ አደርስለታለሁ።"

"ሽቦው የት ሄደ?"

"ባሻ ናቸዋ የወሰዱት። ጎመን ላጥር ብለው።"

እትዬ ዘርፌ ትንሽ ሳቅ መጣባት። ሰፈሩ ሁሉ አንዱ የሌላውን ዕቃ ይዞ ተቀምጧል፤ የራሱ ዕቃ እቤቱ ያለ አንድ ሰው ቢኖር ጥሩ ነበር። በጣቶቿ እየቆጠረች ወደ ባሻ ወንድይራድ ወጣች።

ባሻ የሰማንያ ሁለት ዓመት የቀድሞ ወታደር ናቸው። ዛሬ የሚጠብቁት አገር አምስት መደብ ጎመን ነው። ዱላቸውን ይዘው በሽቦው ዙሪያ ሲንጎራደዱ አገኘቻቸው።

"ባሻ፣ ሽቦውን ያንሱልኝ። ሽቦው ካልተነሳ የዶሮ ቤቱ አይዘጋም፤ የዶሮ ቤቱ ካልተዘጋ ጫልቱ መጋዙን አትመልስም፤ መጋዙ ካልተመለሰ ሰይፉ ወንበሩን አይሠራም፤ ወንበሩ ካልተሠራ ጋሽ ገመቹ አይሄዱም፤ ጋሽ ገመቹ ካልሄዱ መኪናው አይሞላም፤ መኪናው ካልሞላ ከድር አይነዳም፤ ከድር ካልነዳ…"

"…እግርሽ ሐይቅ አይነካም" ብለው ጨረሱላት ባሻ። "ገባኝ አንቺ ልጅ።" ባሻ ከሰባ አምስት ዓመት በታች ያለውን ሁሉ ልጅ ነው የሚሉት። "እኔም ነገ መሄድ እፈልጋለሁ፤ በቅቤ የራሰው የገብስ ጩኮም ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። ሽቦውን ግን ባነሳ ጎመኔ እስከ ምሳ ሰዓት አይደርስም። ያቺ ፍየል ጥጋብ አታውቅም። ፍየሏ ትታሰርልኝና ሽቦውን አሁኑኑ እጠቀልለዋለሁ።"

"የማን ፍየል ናት?"

"የማሚቴ ናት እንጂ የማን ትሆናለች?"

እዚህ ላይ የእትዬ ዘርፌ እግር ቆመ። ከማሚቴ ጋር ከተኳረፉ ሁለት ዓመት ሊሞላቸው ነው። ድሮ አብረው የሚቀመጡ፣ ወጥ የሚቃመሱ ጓደኛሞች ነበሩ። አንድ ቀን የእትዬ ዘርፌ ፔርሙዝ ጠፋ። ያቺ አበባ ያለባት ትልቋ ፔርሙዝ። እትዬ ዘርፌም "ማሚቴ ዘንድ ረስቼው አስቀረችብኝ" ብላ ለሁለት ሰው ተናገረች፤ ለሁለት ሰው መናገር ደግሞ ለሰፈር መናገር ነው። ማሚቴም ሰማች። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ የለም። ለሐይቁ ጉዞም ሰፈሩን ሁሉ ስትጋብዝ የማሚቴን በር ዘላው ነው ያለፈችው።

በማሚቴ በር አለፈች። ተመልሳ አለፈች። ሦስተኛ ልታልፍ ስትል ዓይኗን ወደ ቁልቁለቱ ጣለች፤ ሐይቁ በነበረበት በኩል ጉም የመሰለ ነገር ብቻ ታያት። መስከረም ሩቅ ነው አለችና በሩን አንኳኳች።

ማሚቴ ደጃፏ ላይ ባቄላ ትፈለፍላለች። አጠገቧ ፍየሏ ሎሚ ቆማለች፤ ሆዷ የተነፋ፣ ልትወልድ የደረሰች፣ ዓይኗ ግን የባሻ ጎመን ላይ ነው። ማሚቴ ቀና አላለችም።

"እንደምን አደርሽ ማሚቴ።"

"እግዜር ይመስገን።"

"ጠብ ልፈጥር አይደለም የመጣሁት። ፍየሏን እሰሪያት። ፍየሏ ካልታሰረች ባሻ ሽቦውን አያነሱም፤ ሽቦው ካልተነሳ የዶሮ ቤቱ አይዘጋም፤ የዶሮ ቤቱ ካልተዘጋ ጫልቱ መጋዙን አትመልስም፤ መጋዙ ካልተመለሰ ሰይፉ ወንበሩን አይሠራም፤ ወንበሩ ካልተሠራ ጋሽ ገመቹ አይሄዱም፤ ጋሽ ገመቹ ካልሄዱ መኪናው አይሞላም፤ መኪናው ካልሞላ ከድር አይነዳም፤ ከድር ካልነዳ እግሬ ሐይቅ አይነካም።"

ማሚቴ አንድ ባቄላ ፈለፈለች። ሁለተኛም ፈለፈለች። "ጨረስሽ?" አለች።

"ጨረስኩ።"

"አልጨረስሽም። አንድ ቀርቶሻል። መጫኛው ካልመጣ ፍየሏ አትታሰርም።"

"የምን መጫኛ?"

"የአባቴ መጫኛ ነዋ፤ ያ የበሬ ቆዳው ጠፍር። ይህችን ፍየል በሲባጎ አሰርኳት፣ በላችው። በቃጫ ገመድ አሰርኳት፣ በላችው። የመብራት ሽቦ ቀረኝ እንጂ ያልሞከርኩት የለም። ጥርሷ የማይደፍረው ያንን መጫኛ ብቻ ነው።"

"ታዲያ የት አለ?"

"አንገትሽ ላይ ነው ያለው" አለች ማሚቴ።

እትዬ ዘርፌ እጇን ወደ አንገቷ ሰደደች። በጥቁር ክር የተንጠለጠለ ቁልፍ አለ። የእድሩ ዕቃ ቤት ቁልፍ ነው። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ትልልቁ ድስት፣ ሰው ሲሞት የሚወጣው ሁሉ የሚቆለፍበት ቤት ቁልፍ። እትዬ ዘርፌ የእድሩ ዕቃ ያዥ ከሆነች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ቁልፉ ከአንገቷ የሚወርደው ስትታጠብ ብቻ ነው፤ ያኔም ሳሙናው አጠገብ ይቀመጣል።

"የዛሬ ሁለት ዓመት በዚያ በነፋሱ ለቅሶ" አለች ማሚቴ፣ "ድንኳኑ ሊበር ሲል መጫኛዬን አምጥቼ ምሰሶውን ያሰርኩት እኔ ነኝ። ድንኳኑ ሲጠቀለል መጫኛዬ አብሮ ተጠቅልሎ ገባ። ከዚያ ወዲህ፣ ተመስገን፣ በሰፈሩ የሞተ የለም። አንድ ቀን መጣሁ፣ 'ለቅሶ ከሌለ ዕቃ ቤት አይከፈትም' አልሽኝ። ሁለተኛ መጣሁ፣ እንደዚያው አልሽኝ። ከዚያ የፔርሙዙ ወሬ መጣ፤ እኔም መምጣቴን ተውኩ።"

"ደንብ ነው ማሚቴ።"

"ደንቡን ያወጣው ማን ነው?"

እትዬ ዘርፌ ቁልፉን በጣቷ አሻሸች። ድስቶቹ ለሠርግ እየወጡ ቂጣቸው ተበስቶ ሲመለሱ ጊዜ ደንቡን በስብሰባ ላይ ተነስታ ያወጣችው እሷው ነበረች። ሌላው ያጨበጨበው ሻይ እንዲመጣ ብሎ ነው።

"እኔ ነኝ" አለች።

ማሚቴ በዚህ ብትተዋት ጥሩ ነበር። አልተወቻትም። "ለመሆኑ ነገ ስትሄጂ ቁልፉስ?"

"ይዤው እሄዳለሁ።"

"ነገ ሰው ቢሞትስ? ድንኳኑ ተቆልፎ አንቺ ቁልፉን ይዘሽ ሐይቅ ውስጥ ልትቆሚ ነው?"

እትዬ ዘርፌ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች። ይህንን ነገር ወር ሙሉ ስታስብ ስትተወው፣ ስታስብ ስትተወው ነው የከረመችው። ባሏ አቶ ደምሴ ያረፉ ቀን የፊተኛው ዕቃ ያዥ ቁልፉን ይዞ ለጉዳይ አዳማ ሄዶ ነበር። ሐምሌ ነው። ድንኳን የለ፣ አግዳሚ የለ፣ ለቀስተኛው ግማሹ ዝናብ ላይ ቆሞ፣ ግማሹ ጎረቤት ገብቶ ዋለ። ከአርባው በኋላ "ቁልፉን ለእኔ ስጡኝ" ያለችው እሷው ናት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከአሰላ ወጥታ አታውቅም። ሐይቁን እያየችው የቀረችው በገንዘብም በጊዜም አልነበረም።

"እውነቱን ልንገርሽ ማሚቴ?" አለች። "ሰው እንዳይቸገር ብቻ አይደለም። ደምሴ ከሞተ በኋላ በሬን የሚያንኳኳ ሁሉ የሚመጣው ለቁልፉ ነው። ቁልፉን ካወረድኩ የሚፈልገኝ ሰው ያለ አይመስለኝም።"

ማሚቴ የባቄላውን ሳህን አስቀመጠች። "እኔ ፈልጌሽ ነበር" አለች። "ሁለት ዓመት ሙሉ።"

ሎሚ በዚህ መሃል አንድ ጭብጥ ባቄላ በላች፤ የከለከላት አልነበረም።

ከዚያ ሁለቱ ተነስተው ወደ ዕቃ ቤቱ ሄዱ። እትዬ ዘርፌ ሰው ሳይሞት በሩን ስትከፍት በአሥራ አንድ ዓመት የመጀመሪያዋ ነው፤ ቁልፉም የገረመው ይመስል ሦስት ጊዜ ዞሮ ነው የከፈተው። ድንኳኑን ዘረጉት፣ መጫኛው ከውስጡ ወጣ። ማሚቴ አቧራውን እያራገፈች ወደ ድስቶቹ አየችና ቀጥ አለች። በትልቁ ድስት ውስጥ ያቺ አበባ ያለባት ፔርሙዝ ተቀምጣለች። እዚያ ያስቀመጠችው ማን እንደሆነ መጠየቅ አያስፈልግም፤ በሩን የሚከፍት ሌላ ሰው የለም። ለቅሶ ቤት ሻይ ቀድታበት ከዕቃው ጋር አብራ የቆለፈችው ራሷ ናት።

የእትዬ ዘርፌ ፊት ቀላ። "ማሚቴ፣ አጥፍቻለሁ። ስምሽን በከንቱ አነሳሁ። ለሁለት ሰው ነበር የነገርኩት፤ አሁን ለሰፈሩ ሁሉ ዞሬ እውነቱን እነግራለሁ።"

"ሰፈሩን ተይው፣ ፍየሏን እንሰር" አለች ማሚቴ፣ ግን ፈገግ እያለች ነው።

"ነገ ከእኛ ጋር ሂጂ። እንደምንም ተጠጋግተን…"

"ሎሚን በዚህ ሆዷ ጥዬ የት እሄዳለሁ? ደግሞ ከድር አሥራ ሁለተኛም ገድ የለውም ይልሻል።" ማሚቴ እጇን ዘረጋች። "ቁልፉን ስጪኝ። ነገ እኔ እጠብቃለሁ።"

እትዬ ዘርፌ ክሩን ከአንገቷ አወጣች። ነጠላዋ ሥር፣ ቁልፉ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ብርድ ተሰማት። ሆኖም ሰጠቻት።

እንግዲህ ከዚህ በኋላ ያለውን ቶሎ ቶሎ ስሙኝ። ቁልፉ ከአንገት ወረደ፤ ዕቃ ቤቱ ተከፈተ፤ መጫኛው ወጣ፤ ፍየሏ ታሰረች፤ ባሻ ሽቦውን ጠቀለሉ፤ ጫልቱ የዶሮ ቤቱን ዘጋች፤ መጋዙ ተመለሰ፤ ሰይፉ አራተኛውን እግር ቆርጦ ገጠመ፤ ወንበሩ ቆመ፤ ጋሽ ገመቹ ተቀምጠውበት ወደ ግራ ወደ ቀኝ ሞከሩና "ይሁን" አሉ። ሎሚም መጫኛውን አንዴ ነከሰችውና ተወችው። ይህ ሁሉ የሆነው ሰኞ ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው፤ ሁለት ዓመት የቆመ ነገር በግማሽ ቀን ተንቀሳቀሰ።

ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ ጋሽ ገመቹ ገቡ፤ መኪናው ሞላ፤ ከድር ወንበሮቹን ሁለት ጊዜ ቆጥሮ ነዳ። ወንበሩ ጣሪያ ላይ ታስሯል። ባሻ ከፊት ተቀምጠው "ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ" እያሉ ያዝዛሉ፤ ከድር ደግሞ መንገዱን ከሃያ ዓመት በላይ ቢያውቀውም "እሺ ባሻ" ይላል። ቁልቁል በወረዱ ቁጥር ሙቀቱ ጨመረ። መጀመሪያ ጋቢው ወለቀ፣ ቀጥሎ ሹራቡ፣ እትዬ ዘርፌም ከሁለቱ ካልሲ አንዱን አወለቀች። ሁለተኛውን ሐይቁ ዳር ነው ያወለቀችው።

ጫልቱ በክንዷ ደግፋ አወረደቻት። ውሃው ከሩቅ እንደሚያበራው አልነበረም፤ ጭቃማ፣ ዳር ዳሩ ደንገል የበዛበት ነው። እትዬ ዘርፌ ጎንበስ ብላ አየችው፤ ከቅርብ ሁሉም ታያት። ትናንሽ ዓሦች ሲርመሰመሱ አየች። የራሷን አሥር ጣት ከውሃው ሥር አየች። ውሃው ሞቅ ያለ ነበር። የዝዋይዋ ቴሌፎነኛ ይህንን ሳትነግራት ነበር የቀረችው፤ ሐይቅ ይሞቃል ብላ አስባ አታውቅም። እዚያው ቆማ አለቀሰች፤ ይኼኛው ግን ሐኪሙ ዘንድ ሄዳ የመጣች ቀን ያለቀሰችው ዓይነት አይደለም።

ጋሽ ገመቹ ወንበራቸው ላይ ሆነው ዱላቸውን ወደ ሐይቁ ዘረጉና "ይህ ዝዋይ ሐይቅ ነው" አሉ። ሁሉም ሳቀ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም፤ ዓይናቸው ረጥቦ ነበር። ዓሣ ተበላ፣ እንቁላል ተላጠ፣ ጩኮው ከዳቦው ጋር አለቀ። ከሰዓት በኋላ ሰይፉ ወደ ተራራው እያሳየ "ያው አሰላ፤ ቆርቆሮው ሲያብረቀርቅ አየሽ እትዬ?" አላት። እሷ አላየችም። እጇ ወደ አንገቷ ሄደ፣ ቁልፉን አጣ፣ ተመለሰ። "ማሚቴ አለችበት" አለችና እግሯን መልሳ ነከረች።

ሊነሱ ሲሉ እትዬ ዘርፌ ያቺን ፔርሙዝ ይዛ ወደ ውሃው ገባች። ሻይዋ አልቋል። እስከ አፏ ሞልታ ከደነቻት።

አሰላ ሲደርሱ መሽቶ ነበር፤ ብርዱም ቦታው ላይ ነበር። ማሚቴ ቁልፉን አንገቷ ላይ አድርጋ ደጃፏ ላይ ተቀምጣለች። "ማንም አልሞተም" አለች ገና ሳትጠየቅ። "ሎሚ ሁለት ወልዳለች። ባሻንም ጎመናቸው ደህና ነው በያቸው። እንኪ ቁልፉን።"

እትዬ ዘርፌ ቁልፉን አልተቀበለችም። ሳፋ ፈልጋ አመጣች፣ የማሚቴን እግር ከጫማው አወጣች፣ ፔርሙዟን ከፈተች። ውሃው ሲወርድ ገና ትንፋሽ ነበረው።

ማሚቴ እግሯን ነከረች። ጣቶቿን ውሃው ውስጥ አንቀሳቀሰች። "ይሞቃል እንዴ?" አለች በመጨረሻ።

"ይሞቃል" አለች እትዬ ዘርፌ። "ለመስከረም አንቺ ትሄጃለሽ፤ እኔ ፍየሏን እጠብቃለሁ።"

"ዓይንሽስ?"

"ለፍየል ጆሮም ይበቃል።"

እንግዲህ ቁልፉ ካልወረደ ዕቃ ቤቱ አይከፈትም ነበር፤ ዕቃ ቤቱ ካልተከፈተ መጫኛው አይወጣም ነበር፤ የቀረውን እናንተም ታውቁታላችሁ፣ እኔን አታድክሙኝ። ተረቴን በዚያው መጫኛ አስሬ አስቀምጬዋለሁ። መፍታት የፈለገ ለቅሶ እስኪመጣ አይጠብቅ፤ ቁልፉ ማሚቴ ዘንድ ነው።